ለዘይት ቅያሬ የገባ መኪና ለምን ጋራዥ ያድራል?

በሸካ ዞን መቀመጫ በማሻ ከተማ የክረምቱ ዝናብ ረገብ ሲል፣ በየኪ ወረዳና በቴፒ ዙሪያ ደግሞ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ የተሽከርካሪ ባለንብረቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚያስቡት አንድ ጉዳይ አለ፤ ጭነቱ ሳይጀመር መኪናን ሰርቪስ ማስደረግ። ሾፌሩ ጠዋት ወደ ጋራዥ የሚላከው ለቀላል ሥራ ነው። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል፣ ግራሶ ይሞላል፣ ፍሬን ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ መኪናው ጭነት ይይዛል።

ከሰዓት በኋላ ግን ስልክ ይደወላል። የኋላው እግር ሲፈታ ከዲፍረንሻል የወጣ ዘይት የፍሬኑን ሸራ አርሶት ተገኝቷል። ኩሽኔታውም ድምፅ ይሰጣል። አንዱ ብሎን ደግሞ ሲፈታ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል። ለሁለት ሰዓት የታሰበው ሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ የተያዘው ገንዘብም አይበቃም።

በዚህ ጊዜ በባለንብረቱ ልብ የሚያድረው ጥያቄ ግልጽ ነው። ጠዋት በራሱ ሞተር እየተነዳ የገባ መኪና ከሰዓት በኋላ እንዴት ብልሽተኛ ሆነ? መልሱ ሁለት ገጽ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ብልሽቱ ቀድሞም ነበረ፤ ሰርቪሱ ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። አንዳንድ ጊዜ ግን ብልሽቱን የሚያመጣው ራሱ የመፍታትና የመግጠም ሥራው ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ከማሻ ደጋ ወደ ቴፒ ቆላ በጭነት ለሚወርድ መኪና ደግሞ የሰው ሕይወትም ያድናል።

ውድ የስፖርት መኪናም አያመልጥም

ያልተጠበቀ ብልሽት የአሮጌ መኪና ዕጣ ብቻ አይደለም። ፖርሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ያመረታቸው 911 እና ቦክስተር የተባሉ የስፖርት መኪናዎች ለዚህ የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው። በሞተራቸው ውስጥ መካከለኛውን ዘንግ የሚሸከም አንድ አነስተኛ ኩሽኔታ አለ። ቦታው ከፍሪሲዮኑ በስተጀርባ በመሆኑ መኪናው ቆሞ ሲታይ ስለ ኩሽኔታው ሁኔታ የሚነግር ምልክት አይገኝም። ፍሪሲዮን ለማስቀየር ብቻ የሄደ ባለቤት ካምቢዮው ከወረደ በኋላ ኩሽኔታውም ሊታሰብበት እንደሚገባ ይነገረዋል።

ኩሽኔታው በሁሉም መኪናዎች ላይ አልተሰበረም። በተሰበረባቸው ላይ ግን ጥፋቱ መላውን ሞተር እስከ ማበላሸት ደርሷል። ጉዳዩ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርቦ እ.ኤ.አ. በ2013 በስምምነት ተቋጭቷል። ፍሪሲዮን የሚያስቀይሩ ባለቤቶች መማር የቻሉት ነገር ቀላል ነው። መኪናው አንድ ጊዜ ከተፈታ፣ በአቅራቢያው ያለውን ክፍል ማየትና አስፈላጊ ከሆነ መቀየር፣ በኋላ እንደገና ከማስፈታት ይረክሳል። በማሻ ጎዳና ላይ ለሚሠራ አይሱዙ፣ ሃይሉክስ፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክልም ይኸው ሕግ ይሠራል።

እርጥበቱና ብረቱ

የሸካ ዞን በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በዓመት ከ1,800 እስከ 2,200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው የሸካ ደን ለምልሞ የቆመው በዚህ ዝናብ ነው። ለደኑ፣ ለማሩ፣ ለእንሰቱና ለቡናው በረከት የሆነው እርጥበት ግን ለብረት ጠላት ነው።

ውሃ ወደ ተሽከርካሪ የሚገባው ከላይ በሚወርደው ዝናብ ብቻ አይደለም። ረጅም መንገድ የተጓዘ መኪና የኋላ ዲፍረንሻሉ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየርም ይለጠጣል። ይህ ትኩስ ብረት በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ወንዝ ወይም ኩሬ ሲገባ አየሩ ይኮማተራል፤ በዚህ ጊዜ ዲፍረንሻሉ ከውጭ ይስባል። መተንፈሻው ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነ ወይም ዘይት የሚከለክለው የጎማ ቀለበት ካረጀ የሚስበው ውሃ ነው። ከወራት በኋላ ለሰርቪስ ሲፈታ የሚፈሰው ዘይት ወተት የገባበት ቡና መስሎ ይገኛል። እንዲህ ያለ ዘይት ማርሾቹንና ኩሽኔታዎቹን በሚገባ ማለስለስ አይችልም። ሾፌሩ ያንን ውሃ ከተሻገረ ወራት ስላለፉ ነገሩን ረስቶታል፤ ለእርሱ ብልሽቱ ዛሬ የመጣ ይመስለዋል።

የጎማ ኩሽኔታም እንዲሁ ነው። ጭቃና ውሃ ቀስ በቀስ ግራሶውን አጥበው ያወጡታል። መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ሲሄድ የሚያሰማው ጉርምርምታ ከጎማው ድምፅ ጋር ስለሚቀላቀል አይለይም። እውነቱ የሚታወቀው መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቃነቅ ነው። የላላ ኩሽኔታ ያለው ጎማ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ በእጅ ሲዞርም ይንኮሻኮሻል።

ሲፈታ የሚሰበረው

ሁለተኛው የብልሽት ዓይነት በመፍታት ላይ የሚደርስ ነው። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከቀድሞው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በብሎንና በዳዶ መካከል ያለችው ቀጭን ክፍተት በዝገት ስትሞላ ሁለቱ እንደ ተበየዱ ይጣበቃሉ። መካኒኩ በረጅም ቁልፍ ሲጫነው ዳዶው ከመፈታት ይልቅ ብሎኑ ይቆረጣል። የተቆረጠውን ግማሽ በስቶ ማውጣት ዘይት ከመቀየሩ ሥራ ብዙ እጥፍ ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

የሞተር ዘይት ማፍሰሻው ብሎንም ጥንቃቄ ይሻል። በብዙ መኪናዎች ላይ ዘይት መያዣው ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን ብሎኑ ደግሞ ጠንካራ ብረት ነው። ባለፈው ሰርቪስ ከመጠን በላይ ያጠበቀው ሰው ካለ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተበልቷል፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን በሚቀጥለው ሰርቪስ ብሎኑ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተገኘው ብልሽት የዛሬው መካኒክ ጥፋት ላይሆን ይችላል።

እንዲህ ያለው ጉዳት ሙሉ በሙሉ ባይቀርም ይቀንሳል። የዛገ ብሎን ከመፈታቱ በፊት በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፣ ዝገት የሚያላላ ዘይት ይረጭበታል፣ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ቢቻል ያድራል። ነዳጅና ጎማ በሌለበት ቦታ በጥንቃቄ ማሞቅም ይረዳል። ባለንብረቱ በበኩሉ «ቶሎ በል» እያለ መካኒኩን ባያጣድፍ ይበጀዋል። በችኮላ የተፈታ የዛገ ብሎን ብዙ ጊዜ ይሰበራል።

ሲገጠም የሚሳሳተው

ሦስተኛው ዓይነት የመግጠም ስሕተት ነው፤ ይህ በእርግጥ ሠሪውን የሚያስጠይቅ ነው። አሮጌው የዘይት ፊልትሮ ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ይህ ሳይታይ አዲሱ ፊልትሮ ከተገጠመ ሁለት ቀለበት ይደራረባል፤ ሞተሩ ሲሠራ ግፊቱ ያንሸራትታቸውና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ መሬት ላይ ያልቃል። ዘይት የሌለው ሞተር ደግሞ ብዙ ርቀት አይሄድም።

የጎማ ዳዶ ሌላው ነው። ዳዶዎች በተርታ ሳይሆን በትይዩ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እያሉ ደረጃ በደረጃ መጥበቅ አለባቸው። የተፈታ ጎማ ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ጉዞ ውስጥ ዳዶዎቹ እንደገና ሊፈተሹ ይገባል። በዳዶውና በቸርኬው መካከል የቀረ ጭቃ፣ ዝገት ወይም ቀለም በጉዞ ሲረግፍ ዳዶው ይላላልና።

ከሁሉ የከፋው በፍሬን መስመር ውስጥ የቀረ አየር ነው። የፍሬን ሲሊንደር ወይም ቱቦ ተፈትቶ ሲመለስ በመስመሩ ውስጥ አየር ይገባል። አየሩ ተጠርጎ ካልወጣ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ፈሳሽ አይታመቅም፤ የእግርን ኃይል እስከ ሸራው ያደርሳል። አየር ግን ይታመቃል፤ ኃይሉንም ውጦ ያስቀረዋል።

ከማሻ እስከ ቴፒ የሚወርደው ሙቀት

የፍሬን ጉዳይ በዚህ አካባቢ ልዩ ክብደት አለው። ማሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ቴፒ 1,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በጌጫ በኩል የሚወርድ መኪና በመንገዱ ወጣ ገባ ቢልም በመጨረሻ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይቀንሳል።

ክብደቱ ከነጭነቱ 10,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 98 ሜጋ ጁል ያህል ነው። ይህ ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር ወደ 290 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ አንድ በርሜል ተኩል ማለት ነው። ከዚህ ከፊሉን የሞተሩ መቋቋም፣ የጎማው ሰበቃና ነፋሱ ይወስዱታል። የቀረውን የሚሸከሙት የፍሬኑ ሸራና ብረት ናቸው። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ብዙውን ይይዝለታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ ከለቀቀው ግን ሸክሙ ከሞላ ጎደል ወደ ፍሬኑ ይዞራል።

የውሃው ጉዳይ እንደገና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በብዙዎቹ አነስተኛ የጭነት መኪናዎች፣ ፒክአፖችና ሚኒባሶች ላይ የሚሠራው የፍሬን ዘይት በባሕርይው እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማነስ የለበትም። በውስጡ ከ3 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ውሃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠብቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 የተባለውም በተመሳሳይ መንገድ ከ230 ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ይህን ያረጀ ዘይት ሊያፈላው ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይታመቃል። ጠዋት በከተማው ሜዳ ላይ ጥሩ የነበረው ፔዳል ቁልቁለቱ መካከል ላይ እስከ ወለሉ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ነው የፍሬን ዘይት ጎድሎ ሲገኝ መሙላት ብቻ የማይበቃው። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ እንዲቀየር ይመክራሉ። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ ይህን ጊዜ ማሳለፍ አይገባም። ዘይት ወይም ግራሶ ያረሰው የፍሬን ሸራም በቤንዚን ታጥቦ የሚመለስ አይደለም። ዘይቱ ወደ ውስጡ ስለሚሰርግ ሲሞቅ እንደገና ይወጣል። መቀየር ያለበትም የረጠበው ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ጎን ሸራ ነው፤ አለዚያ መኪናው ሲቆም ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

«ለጊዜው ዝጋውና ልሂድ»

ጭነት የሚጠብቀው ባለንብረት ያልተጠበቀ ብልሽት ሲነገረው ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንዱ ጥርጣሬ ነው፤ ተታለልኩ ይላል። ሁለተኛው ችኮላ ነው፤ ለጊዜው ተዘግቶ እንዲሄድለት ይጠይቃል። ሁለቱንም በሥርዓት መፍታት ይቻላል።

የመጀመሪያው መንገድ ውሉን ከመፈታቱ በፊት ማድረግ ነው። ምን እንደሚሠራ፣ እስከ ስንት ብር ድረስ ሳይጠየቅ መሠራት እንደሚችል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሥራው ቆሞ እንዲደወል አስቀድሞ ይነገር። የወጣው አሮጌ ዕቃ ለባለንብረቱ እንዲመለስም ይስማሙ። በጣቶች መካከል ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ኩሽኔታ ወይም የተሰነጠቀ ሸራ ከብዙ ቃል በላይ ያስረዳል።

ሁለተኛው መንገድ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነው። ብልሽቱ የት እንዳለ ማየት ይቻላል ወይ? ለአንድ ወር ቢቆይ ምን ይደርሳል? አሁን ስለተፈታ የሚቀንስ የጉልበት ዋጋ አለ ወይ? ከመልሱ በመነሣት ሥራው በሦስት ይከፈላል። ፍሬንን፣ መሪን፣ የጎማ ኩሽኔታንና የጎማ ዳዶን የሚመለከት ከሆነ መኪናው ሳይሠራ ከጋራዥ አይወጣም። ዝግ ያለ የዘይት መንጠባጠብ፣ የተሰነጣጠቀ ቺንጋ ወይም የተዳከመ ፍሪሲዮን ከሆነ ቀን ተቆርጦለት በቅርቡ ይሠራል። ቀለም የለቀቀ ወይም ላይ ላዩን የዛገ አካል ከሆነ ተመዝግቦ ይጠበቃል። በዚህ አከፋፈል መሠረት «ለጊዜው ዝጋው» የሚባልበት ቦታ አለ፤ ፍሬን ግን ከዚያ ውስጥ አይደለም።

ሦስተኛው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። በማሻ ያልተገኘ ዕቃ ከሚዛን፣ ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው ተፈትቶ ይቆማል። ስለዚህ አስቀድሞ ሊገመት የሚችለውን፣ ማለትም የጎማ ቀለበቶችን፣ ሸራውን፣ ፊልትሮውንና የፍሬን ዘይቱን ይዞ መግባት የቀናት ኪሳራ ያስቀራል። ዕቃው ሲገዛም የመኪናው ሞዴልና የሻንሲ ቁጥር ቢያዝ የማይገጥም ዕቃ ከመመለስ ያድናል።

በአገሪቱ ከሚንቀሳቀሱ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ያገለገሉ ሆነው የገቡ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። በመሆኑም በእጅ ያለው መኪና ለተጨማሪ ዓመታት እንዲያገለግል ይፈለጋል፤ ዕድሜው በጨመረ ቁጥርም ሰርቪሱ የሚገልጠው ይበዛል። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን የሞተር ዘይት አይቀየርለትም እንጂ የፍሬን ዘይት፣ ኩሽኔታና የጎማ ዳዶ አለው።

ጊዜውን መምረጥ

ለሰርቪስ የሚከፋው ቀን የጉዞ ዋዜማ ነው። ያልተጠበቀ ብልሽት ሲገኝ ባለንብረቱም መካኒኩም በጊዜ ይጨነቃሉ፤ ስሕተትም ይበዛል። ለቡና ጭነት የሚዘጋጅ መኪና ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም መጀመሪያ ላይ ቢገባ የተገኘውን ለመሥራት ጊዜ ይኖራል። መኪና የሌለው አርሶ አደርም ከዚህ ትምህርት ያገኛል። የቡና መፈልፈያው ማሽንና የወፍጮው ሞተር ክረምቱን በእርጥበት ከርመዋል፤ ቺንጋቸውና ኩሽኔታቸው መፈተሽ ያለበት ቀይ ቡና ተለቅሞ ደጅ ከመከመሩ በፊት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

መኪናው ከጋራዥ ሲወጣም ሥራው አላለቀም። ሾፌሩ ከመነሣቱ በፊት የፍሬኑን ፔዳል ደጋግሞ ይርገጥ፤ ጠንክሮ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ከዚያ ያለ ጭነት በከተማው ውስጥ ጥቂት ነድቶ ይመለስና ከሥር ዘይት መንጠባጠቡን ይመልከት፤ የዘይቱን ልክ በመለኪያው ይይ፤ በእያንዳንዱ ጎማ አጠገብ እጁን ሳይነካ አስጠግቶ ከሌላው የበለጠ የሚግል መኖሩን ይለይ። የተቀየረው ዕቃና ኪሎ ሜትሩ በደብተር ይጻፍ። በመንገዱ ላይ ቆም ብሎ ዳዶዎቹን እንደገና ያጥብቅ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ያልታሰበ ነገር ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ጋራዥ ውስጥ መኪናው በክሪክ ላይ ቆሞ የተገኘ ብልሽት፣ ገንዘብና ቀን ቢያስወጣም፣ በጌጫ ቁልቁለት ላይ ሰውና ቡና ተጭኖ ሳለ ከሚገኘው ብልሽት እጅግ የቀለለ ነው።